የጋሼ ፋንታሁን መጋዝና የከተማው ወንበር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊያ ስኔልቪል ካለው ቤቷ ጀርባ የእንጨት በረንዳ ልታሠራ አናጢዎች ጠርታ ነበር። እኔ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሽንኩርት እከትፋለሁ። አንዱ አናጢ የመጀመሪያውን ጣውላ ሲቆርጥ የጥዱ ሽታ በመስኮቱ ወንፊት አልፎ መጣና አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ። ቢላዬን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሊያ ከቤት ሆና ነው የምትሠራው፤ ኮምፒውተሯን ትታ ሮጣ መጣች።

“እማ፣ አር ዩ ኦኬ? ላይክ፣ እያለቀስሽ ነው ወይስ እየሳቅሽ?”

“እንባው የሽንኩርቱ ነው፤ ሳቁ የጋሼ ፋንታሁን ነው” አልኳት።

“ጋሼ ማን?”

ይህን ስትለኝ ደሜ ፈላ። እሳቸው በሰጡን ጣውላ በተሠራ አልጋ ላይ ተኝታ እኮ ነው ያደገችው! አልጋው ባይኖር ዛሬ ጠበቃ ትሆን ነበር ወይ ብዬ ልከራከራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ከጠበቃ ጋር ማን ይከራከራል? እናንተም እንደሷ “ጋሼ ማን?” እንዳትሉኝ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ከቁጥር ጋር ድሮም አንስማማም። ኦሎምፒኩ መጥቶ አትላንታን አጣቦ ከሄደ ወዲህ ነው። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር በታች የሚቀዳበት፣ አገር ቤት ለመደወል የአምስት ዶላር ካርድ ገዝተን ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን የምናወጣበት፣ ካርዱም “እከሌስ እንዴት ነው? እከሊትስ?” ተባብለን ዘመድ ሳንጨርስ የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። ወንዶቻችን ትከሻው የሰፋ፣ ደረቱ ላይ የሚደራረብ ሱፍ ለብሰው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ እኛም ሴቶቹ ብንሆን በትከሻችን ስፖንጅ ከነሱ አናንስም ነበር። አሁን የዚያን ጊዜ ፎቶዬን ሳየው በበር እንዴት እንደገባሁ ይገርመኛል። ያኔ ሁሉም ነገር አትላንታ ዳር ባለችው ክላርክስተን ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ካለችው የነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት ሰው ቆሞ ያወራል፤ ሥራ የሚገኘው እዚያ፣ መኪና የሚሸጠው እዚያ፣ ሐሜቱም እዚያ። ሁላችንም በአንድ ግቢ አፓርታማ ተደራርበን እንኖር ነበር። እኔ ኮሌጅ ፓርክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፤ በሁለት አውቶቡስና በአንድ ባቡር ሄጄ በሁለት አውቶቡስና በአንድ ባቡር እመለሳለሁ።

ጋሼ ፋንታሁን ብቻ ከኛ ጋር አልነበሩም። እሳቸው ከኮንየርስ ወዲያ፣ ስሟን ብጠራላችሁ በማታውቋት ትንሽ ከተማ ነበር የሚኖሩት። ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ሲመጡ አንድ የአገሬው ቤተ ክርስቲያን ተቀብሎ እዚያች ከተማ አሰፈራቸው። አብረዋቸው የመጡት ሁሉ “ሰው የሌለበት አገር” ብለው በሳምንቱ ወደ ክላርክስተን ሲሸሹ እሳቸው ቀሩ። ለዚህ ነው “አቅኚው” ብለን ስም ያወጣንላቸው። “አቅኚው፣ የያዝከው አገር እንዴት ነው? ገበሩልህ?” እያሉ የሳቸው እኩዮች ይቀልዱባቸው ነበር። የቀሩበት ምክንያት ግን ሌላ አልነበረም፤ ከተማዋ ዳር የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። ጋሼ ፋንታሁን ጅማ አካባቢ መሰንጠቂያ አጠገብ ነው የተወለዱት፤ አባታቸውም ወንድሞቻቸውም ግንድ ሲሰነጥቁ የኖሩ ናቸው። የመሰንጠቂያው ባለቤት ሚስተር ሃሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ። በቀጠሯቸው በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ኦክ የሚሉት ጠንካራ ግንድ ጫፉ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነጠብጣብ አይተው “ይሄ ውስጡ ምስማር አለው” አሉ። ሽማግሌው ሳቁ። መጋዙ ሦስት ጥርሱን ካረገፈ በኋላ ግን አልሳቁም፤ ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሳያዩት አንድም ግንድ ወደ መጋዙ አልሄደም። ሚስተር ሃሪስ ሲደክሙ ልጆቻቸው መሰንጠቂያውን አንፈልግም አሉ፤ ሽማግሌውም ለጋሼ ሸጡላቸው።

ጋሼ እኔን የቀጠሩኝ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ፀጉራቸው ላይ ሁልጊዜ ሰጋቱራ አይጠፋም፤ እሑድም ቢሆን።

“እታገኝ፣ እንግሊዝኛሽ እንዴት ነው?” አሉኝ።

“አልጋ ለማንጠፍ ይበቃል፣ ጋሼ።”

“ስልክ ለማንሳትስ?”

“ስልክማ ምን አለው?”

“እኔን ገሎኛል! ፊት ለፊት ሲያወሩኝ አፋቸውን እያየሁ እሰማለሁ። በስልክ ግን የእነዚህ የጆርጂያ ሰዎች ቃል እንደ ሙጫ ይጓተትብኛል።”

እንዲህ ሆኖ ሆቴሉን ለቀቅሁ። ቢሮዬ ከመጋዙ ፊት ለፊት የቆመች የጣውላ ክፍል ነበረች፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ማሞቂያና ካሴት የሚበላ ቴፕ ነበራት። ቴፑ የበላውን ካሴት በብዕር እየጠመዘዝኩ መልሼ እጠቀልል ነበር። ዋናው ሥራችን ለኮንየርስ መጋዘኖች ዕቃ የሚደረደርባቸውን የእንጨት ፓሌቶች መሥራት ነበር። በየማለዳው ይሰነጠቃል፣ በምስማር ይመታል፣ በአራት ሰዓት የመጋዘኑ ጭነት መኪና መጥቶ ይወስዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሐበሻው በየመኪናው ይመጣ ነበር። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ የአልጋ ጣውላ በነጻ ይሰጠዋል። በዚያ ዘመን አትላንታ ውስጥ የሳቸው እንጨት ያልገባበት የሐበሻ ቤት ብትፈልጉ አታገኙም። የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የጫማ መደርደሪያ፣ ከቴሌቪዥኑ በታች ያለችው ጠረጴዛ፣ ሁሉም የሳቸው ነው።

እኛ እንዲህ ስንኖር ከተማዋ ዝም ብላ አልጠበቀችንም። በመሰንጠቂያው ማዶ የነበረው ሜዳ በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት በቤት ሆነ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ነጭ የመልእክት ሣጥን ያለው። አንድ ቀን ከከተማው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አካባቢው የመኖሪያ ሰፈር ሊባል ስለሆነ መሰንጠቂያው እዚያ ይቆይ አይቆይ የከተማው ምክር ቤት ከምርጫው በኋላ በድምፅ ይወስናል ይላል። ጋሼ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ቀጥሎ “ምርጫው” የሚለው ቃል ላይ ቆሙ።

“ከነሱ አንዱ ብሆን እነሱን ማስረዳት አይቀለኝም?” አሉ።

ዜግነታቸውን ከወሰዱ ቆይተዋል፣ የሰፈራቸውም ወንበር ክፍት ነበር። ወሬው በማግስቱ ክላርክስተን ማደያዋ ጋ ደረሰ። ያ ሁሉ ሐበሻ “አለንልህ!” ብሎ ተነሣ። ችግሩ፣ ካለንልህ ባዮቹ ውስጥ በዚያች ከተማ ድምፅ መስጠት የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። የሚችሉት ራሳቸው ጋሼ ብቻ ነበሩ።

ተፎካካሪያቸው ኢንሹራንስ የሚሸጡ፣ ስማቸው በየማስታወቂያው ላይ የሚታይ ሰውዬ ነበሩ። ሁለቱን በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ አስቀምጠው ሕዝቡ ፊት ጠየቋቸው። ሰውዬው ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ጉድ ነው! ከልጅነታቸው ጀምረው የሠሩትን ደግ ነገር አንድም ሳያስቀሩ ዘረዘሩ። እኔ በሳቸው አፈርኩ። የጋሼ ተራ ደረሰ።

“ሚስተር ፋንታሁን፣ ከተፎካካሪዎ የሚሻሉት በምንድን ነው?”

ጋሼ ብድግ አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ። “እሳቸው በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አገሩንም ከኔ የበለጠ ያውቃሉ። እኔ ከሳቸው እሻላለሁ ብል አሳዳጊ የበደለው ትሉኛላችሁ” ብለው ቁጭ አሉ። ኢንሹራንስ ሻጩ ተነሥተው እጃቸውን ጨበጡና “እኔም በዚህ እስማማለሁ” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ወንበሬ ውስጥ ቀለጥኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አቶ ገብረየስ መሰንጠቂያው ድረስ መጡ። አቶ ገብረየስ አገር ቤት የታወቁ መምህር፣ እዚህ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳሩት ልጅ የለም። የታክሲ ነጂው አቶ ደስታም አብረዋቸው ነበሩ።

“ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ገብቶኛል” አሉ አቶ ገብረየስ። “ሰው ለራሱ አይጠይቅም። አንተ ሚስት ስታገባ ራስህ ሄደህ ነው የጠየቅኸው? ሽማግሌ ነው የላክኸው። ታዲያ ድምፅ ሲሆን ጊዜ እንዴት ራስህ ትሄዳለህ?”

“ፈረንጅ ሽምግልና ያውቃል እንዴ?” አሉ ጋሼ።

“ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት! መምረጥ ካወቀ ሽማግሌ መቀበልም አያቅተውም።”

“እኔ እሑድ ሺፍቴን ካንስል አደርጋለሁ” አሉ አቶ ደስታ። “ሦስተኛ ግን ያስፈልገናል። ሽማግሌ ሁለት ሆኖ አይሄድም።”

ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ። ሴት ሽማግሌ ሆና ስትሄድ ያየ ካለ ይንገረኝ፤ እንግሊዝኛው ግን እኔ ጋ ነበር። አቶ ገብረየስ በመጀመሪያ የወሰዱን የት ይመስላችኋል? ተፎካካሪው ቤት! “ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሳናስፈቅድ ሰፈራቸው ብንገባ ነውር ነው” አሉ። ሰውዬው ግራ ቢገባቸውም ደግ ነበሩ፤ ፎቶግራፋቸው ያለበት የቀን መቁጠሪያ ለሦስታችንም ሰጡን። ከዚያ ነጠላችንን እንዳጣፋን ከቤት ቤት ዞርን።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ተቀመጡ ቢሉት አይቀመጥም። አቶ ገብረየስ በየበሩ “ተቀመጡ” እስኪባሉ ይጠብቃሉ፤ እምቢ ሊሉ! ግን ማን ተቀመጡ ይበላቸው? ሰዉ በር ላይ ሆኖ ወረቀታችንን ይቀበላል፣ “መልካም ቀን” ይላል፣ ይዘጋል። ዐሥር ቤት፣ ዐሥራ አምስት ቤት። አቶ ገብረየስ እምቢ የሚሉት ነገር አጥተው ፊታቸው ጠቆረ። አቶ ደስታም “ታክሲዬን ብነዳ ይሻለኝ ነበር” ማለት ጀመሩ።

ከመሰንጠቂያው ማዶ፣ ጥጉ ላይ ካለው ቤት ደረስን። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት፣ ዕድሜዋ ከኔ ገፋ ያለ፣ በረንዳዋ ላይ ቆማለች። ስሟ ሚስ ዶሪስ ነው። ነጠላችንን ከላይ እስከ ታች አየችና “በዚህ ፀሐይ! ኑ ግቡ፣ ተቀመጡ” አለች። አቶ ገብረየስ ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዩ!

“እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም!” አሉ። ተረጎምኩ።

“በገዛ በረንዳዬ ላይ ታስፈራሩኛላችሁ?” አለች ሚስ ዶሪስ፤ ግን እየሳቀች ነው። “ምንድን ነው የምትፈልጉት?”

“ልጃችንን ልጅዎ ያድርጉልን ብለን ነው። ለከተማው ወንበር ተወዳድሯል። የመሰንጠቂያ ባለቤት ነው፤ ሠርቶ አዳሪ፣ ሰው አክባሪ ነው። ድምፅዎን ይስጡት። ቢያጠፋ፣ ቢያስቸግርዎ ደግሞ እኛን ይጥሩን። ዋሱ እኛ ነን።”

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናገር። ሁሉንም ተረጎምኩ፤ “የመሰንጠቂያ ባለቤት” የሚለውን ብቻ “ታታሪ ነጋዴ” ብዬ አለፍኩት። ቤቷ ለመጋዙ ቅርብ መሆኑን አይቻለሁ። ዕለቱ እሑድ ስለነበር መጋዙ ጸጥ ብሏል፤ እሷም አልጠየቀችም።

“ዕድሜዬን ሙሉ ድምፄን ሊጠይቁ ሲመጡ አይቻለሁ” አለች ሚስ ዶሪስ። “ቢያጠፋ ጥሪን ያለኝ ግን የለም። እሺ። የመዘምራን ጓደኞቼንም እነግራቸዋለሁ። አሁን ተቀመጡ!” ተቀመጥን። የሎሚ ጭማቂ አጠጣችን፤ የምትጠራንበትንም የስልክ ቁጥር ጠየቀችን፤ የቢሮዬን ሰጠኋት።

የሚስ ዶሪስ መዘምራን ቀላል አልነበሩም። ጋሼ በጥቂት ድምፅ አሸነፉ። ያን ምሽት መሰንጠቂያው ግቢ መኪና ማቆሚያ ጠፋ። ያኔ አዲስ የወጣ ካሴት ነበር፤ ከአንድ መኪና ሬዲዮ በሩን ከፍተን ለቀቅነውና ሰጋቱራ ላይ እስክስታ መታን። ከጫማዬ ውስጥ ሰጋቱራው እስከ ሳምንቱ አልወጣም። አቶ ገብረየስ ግንድ ላይ ቆመው “ሽምግልና በአሜሪካ ሠራ!” ብለው ጮኹ። እኔም ሥራዬ የዳነ መስሎኝ ከሁሉ በላይ ጨፈርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ።

“ዋሶቹ ናችሁ?” አለችኝ ሚስ ዶሪስ። “ልጃችሁ አስቸግሮኛል። በቃለ መሐላው ቀን ነው የመጋዙ ባለቤት መሆኑን ያወቅሁት። የሌሊት ነርስ ነኝ፤ ጠዋት ገብቼ ነው የምተኛው። መስኮቴ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። ባለፈው የአንድ በሽተኛ መድኃኒት ልሰጥ ስል እጄ ላይ እንደያዝኩት እንቅልፍ ወሰደኝ። ፈርቻለሁ፣ እታገኝ።”

መደበቅ እችል ነበር፤ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ግን ዋስ ብለን ቆመናልና ለጋሼ ነገርኳቸው፤ ዘልዬ የተረጎምኩትንም ጭምር ተናዘዝኩ። አልተቆጡም። በማግስቱ ማለዳ ሁለቱን ሠራተኞች “እንደ ሁልጊዜው ሥሩ” ብለው ወደ ሚስ ዶሪስ በረንዳ ተሻገሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ተቀምጠው የገዛ መጋዛቸውን ሰሙ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር።

“እታገኝ፣ ያ ነገር እንደዚያ ነው የሚጮኸው?”

“ጆሮዎ ለምዶት ነው፣ ጋሼ።”

“ይሄን ያህል ዘመን አጠገቡ ቆሜ አልሰማሁትም” አሉና ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ምክር ቤቱ ስለ መሰንጠቂያው ሲመክር፣ የራሳቸው ጉዳይ ስለሆነ ጋሼ እንዲወጡ ደንቡ ያዛል። ወንበሩን የፈለጉት ለዚያች ቀን ነበር፤ ያቺ ቀን ስትመጣ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻሉም! ኮሪደሩ ላይ ከለስላሳ መሸጫ ማሽኑ አጠገብ አብረን ቆምን። እኔ በልቤ የኮሌጅ ፓርክን አውቶቡስ ሰዓት አስታውሳለሁ። በሩ ተከፈተና ጸሐፊዋ እየሳቀች ወጣች። ሦስት ለአንድ! መሰንጠቂያው ባለበት ይቆያል፤ ጠዋትም እንደ ድሮው ይሠራል። እልል አልኩ። የከተማው ፖሊስ ምን ሆነች ብሎ ሮጦ መጣ። አቶ ደስታ ታክሲ ውስጥ እየጠበቁን ስለነበር እስከ ክላርክስተን ድረስ ክላክስ እየነፋን ገባን።

በማግስቱ ማለዳ ስደርስ ግቢው ጸጥ ብሏል። ሠራተኞቹ ቆመዋል። ጋሼ ፋንታሁን ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድ ትልቅ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል።

“ምነው ጋሼ? ሞተሩ አልነሣ አለ?”

“ሞተሩ ደህና ነው።”

“ታዲያ? የኮንየርሱ መኪና በአራት ሰዓት ይመጣል እኮ! ትናንት ፈቅደውልናል!”

“እነሱማ ፈቅደዋል” አሉኝ፣ በአገጫቸው ጥጉ ላይ ወዳለው ቤት እያመለከቱ። “እሷ ግን ገና አሁን ተኛች።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋዛችን የሚነሣው ከቀትር በኋላ ብቻ ሆነ። የኮንየርሱ ደንበኛችን ለማለዳ የሚያደርስለት ሌላ ፈልጎ ሄደ፤ እኔም ግማሽ ቀን ወደ ሆቴሌ አልጋዎች ተመለስኩ። አቶ ገብረየስ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እያሉ ጋሼን ያበሽቋቸው ነበር። ጋሼ ይስቃሉ እንጂ ሲቆጫቸው አላየሁም፤ እኔም ብሆን አልቆጨኝም። ያን ማለዳ ግን ይህን ሁሉ ገና አላውቅም። ጋሼ ፈቀቅ አሉልኝ፤ ግንዱ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በአራት ሰዓት ትልቁ ጭነት መኪና ጭሱን እየተፋ ወደ በሩ ሲታጠፍ ማንም ሳያዘኝ ተነሥቼ ሮጥኩና፣ ለሹፌሩ በሁለት እጄ ሞተርህን አጥፋ አልኩት።